የጡት ምርመራ በአሥር ደቂቃ፤ ማሽኑ ቢፈጥንም ሂሳቡ አልቀለለም

ከዴራ አዳማ 25፣ አሰላ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ120 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ዴራ ላይ ሱቅ ያላት አንዲት ነጋዴ የጡት ኤም.አር.አይ. እንድትነሳ ቢታዘዝላት የምትከፍለው የምርመራውን ዋጋ ብቻ አይደለም። ትራንስፖርቱ፣ አልጋው፣ አብሯት የሚሄደው ሰው ወጪና ሱቁ ተዘግቶ የዋለበት ቀን ሁሉ ይደመራል። በሌላው ወገን የማሽኑ ባለቤትም በየደቂቃው ያሰላል። «አጭሩ ኤም.አር.አይ.» የሚባለው አሠራር ለሁለቱም ወገን የሚያጓጓው ለዚህ ነው።

በተለመደው የጡት ኤም.አር.አይ. ታካሚዋ በደረቷ ተደፍታ ግማሽ ሰዓት ያህል ማሽኑ ውስጥ ትቆያለች። በክንዷ በኩል ጋዶሊኒየም ያለበት ማድመቂያ መድኃኒት በመርፌ ይሰጣታል። ካንሰር ለራሱ የሚያበጃቸው የደም ሥሮች የሚያፈሱ ስለሆኑ ዕጢው መድኃኒቱን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ገደማ ይስባል፤ ጤነኛው የጡት ሥጋ ግን ይዘገያል። ከመርፌው በፊትና ወዲያው ከመርፌው በኋላ የተነሱት ምስሎች ሲቀናነሱ ዕጢው ደምቆ ይወጣል። ቀሪዎቹ ደቂቃዎች በአብዛኛው የደመቀው ነገር ምንነት የሚጣራባቸው ናቸው። አጭሩ ምርመራ የሚተወው እነዚህን ነው፤ መርፌውን ግን አይተውም።

ጥናቱን በቀዳሚነት ያወጡት የጀርመኗ አኽን ከተማ ራዲዮሎጂስት ክሪስቲያነ ኩልና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት በ443 ሴቶች ላይ በተደረጉ 606 ምርመራዎች 17 ደቂቃ የሚፈጀውን ምስል ወደ 3 ደቂቃ አውርደውታል። ሙሉው ምርመራ ያገኛቸውን 11 ካንሰሮች አጭሩም አንድ ሳያስቀር አገኛቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በአሜሪካና በጀርመን ጡታቸው ጥቅጥቅ ባለ 1,444 ሴቶች ላይ አጭሩ ኤም.አር.አይ. ከዘመናዊው ባለሦስት ገጽታ ማሞግራፊ ጋር ተወዳደረ። ከ17 ተዛማች ካንሰሮች ኤም.አር.አይ. 17ቱንም፣ ማሞግራፊው 7ቱን አገኘ። ጥቅጥቅ ያለ ጡት በማሞግራፊ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ዕጢውም ነጭ ነው።

ወጪው እዚህ ላይ ይመጣል። በዚሁ ጥናት ካንሰር ከሌለባቸው 1,000 ሴቶች ውስጥ ማሞግራፊው 26 ያህሉን በከንቱ ሲያስደነግጥ፣ አጭሩ ኤም.አር.አይ. 133 ያህሉን አስደንግጧል። ለእያንዳንዷ ድጋሚ ምስል ወይም የመርፌ ናሙና ያስፈልጋል። ከዴራ ለምትመጣ ሴት ይህ ሁለተኛ ጉዞ ነው።

የማሽኑን ንግድ ከአይሱዙ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። አይሱዙ የሚያተርፈው በምልልስ ቁጥር ነው፤ ጭነትና ማራገፉ ከዘገየ ግን ሾፌሩ ቢፈጥን ለውጥ የለውም። በቀን 10 ሰዓት የሚሠራ ማዕከል ለአንድ ታካሚ 45 ደቂቃ ቢመድብ 13 ሴቶችን ያስተናግዳል። ልብስ ማውለቁ፣ መርፌ ማስገባቱና ማስተኛቱ ስለማያጥር አጭሩ ምርመራም ቢሆን 20 ደቂቃ ይፈልጋል እንበል፤ 30 ሴቶች ይሆናሉ። ሠላሳ የጡት ታካሚ በየቀኑ ከየት ይመጣል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ክፍያውም በጊዜው ልክ አይወርድም። ማድመቂያው፣ መለዋወጫውና ማሽኑ ራሱ የሚገዙት በዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብር ደርሷል።

የኢትዮጵያ ገበያ መልክም ከአኽን ይለያል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በአገሪቱ በዓመት ከ16,000 በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር ይያዛሉ፤ 9,000 ያህሉ ይሞታሉ። አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት እብጠቱ በእጅ ከተዳሰሰ፣ አልፎም ከተሰራጨ በኋላ ነው። ለእነዚህ ሴቶች አስቸኳዩ ጉዳይ አልትራሳውንድ፣ የመርፌ ናሙናና ናሙናውን የሚያነብ ፓቶሎጂስት ነው፤ የሦስቱ ወጪ ከኤም.አር.አይ. ግዢ ጋር አይወዳደርም። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ግብም ሴቲቱ ጤና ተቋም ከደረሰች በ60 ቀናት ውስጥ ምርመራዋ እንዲያልቅ ነው።

አጭሩ ኤም.አር.አይ. ጠቃሚ የሚሆነው እብጠት ሳይኖርባቸው ሥጋታቸው ከፍ ላለ፣ ለምሳሌ እናታቸው ወይም እህታቸው በወጣትነት ለታመሙባቸው ሴቶች ነው። ቁጥራቸው አዲስ ማሽን አያስገዛም። ቀድሞ የተገዛና ለራስና ለአከርካሪ ምርመራ የሚሠራ ማሽን ያለው ባለሀብት ግን በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ሊመድብላቸው ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልጉት የጡት ምስል መቀበያ ዕቃ (ያለ እርሱ ፈጣኑም ሙሉውም ምርመራ አይሠራም)፣ የጡት ምስል ማንበብ የለመደ ራዲዮሎጂስትና በኤም.አር.አይ. እየታየ ናሙና የሚወሰድበት መሣሪያ ናቸው። ሻጮች ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ለብቻው ነው የሚያስከፍሉት።