ቆጮ ያለ ወተት፤ በሐዋሳ ስለ አረጋውያን ምግብና ስለ ጥራጥሬ

ሰው ዕድሜው ሲገፋ ጉርሻው እያነሰ መሄዱን ሁላችንም በየቤታችን እናያለን። ጥርስ ይወልቃል፤ ጣዕም ይደበዝዛል፤ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ስለሚቀንስ ረኃቡም ይቀንሳል። በቤተ ሰቡ ዘንድ ይህ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቈጠርና ማንም አይጨነቅበትም። የምግቡ መጠን መቀነሱ እኛንም አያስገርመንም። ነገር ግን በቀነሰው ምግብ ውስጥ ገንቢው ክፍል፣ ማለት ፕሮቲኑ፣ አብሮ ሊቀንስ አይገባውም፤ እንዲያውም ከፍ ማለት አለበት። በሐዋሳ ይህን ጉድለት በቀላሉ ሊሞላ የሚችለው ደግሞ ቦሎቄና ሌላው ጥራጥሬ መሆኑን ከዚህ ቀጥለን እናስረዳለን።

ጡንቻ አንድ ጊዜ ተሠርቶ እንደሚቆም ግድግዳ አይደለም። ዘወትር በአንድ በኩል እየፈረሰ በሌላ በኩል ይታነጻል፤ ከጐልማሳነት በኋላ ግን መፍረሱ ቀስ በቀስ ማነጹን ይበልጠዋል። ከዚህም በላይ የሽማግሌ ጡንቻ ከወጣት ጡንቻ ይልቅ ለፕሮቲን ዳተኛ ስለ ሆነ፣ ያንኑ ያህል እንዲታነጽ በአንድ ማዕድ የበለጠ ፕሮቲን ይፈልጋል። ለዐዋቂ ሰው በጠቅላላው የተወሰነው መጠን በቀን ለእያንዳንዱ የክብደት ኪሎ 0.8 ግራም ነው። ጉዳዩን የመረመሩ ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ሊቃውንት ግን በ2013 (እ.ኤ.አ.) ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ ለሆነ ጤነኞች መጠኑ ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም እንዲሆን መክረዋል። ስለዚህ 50 ኪሎ የሚመዝኑ አንዲት አያት በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል ማለት ነው። ይኸውም በአንድ እራት ተጠቃሎ ሳይሆን ለየማዕዱ ተከፋፍሎ ቢቀርብ ይሻላል።

አሁን ወደ እንሰት አገር እንመለስ። በሲዳማ ዋሳ የሚባለው ቆጮ ድርቅን የሚቋቋም፣ ብዙ ሕዝብ የሚያኖር፣ ሆድን የሚያጠግብ ምግብ ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። ሆኖም ከሞላ ጐደል ስታርች ብቻ ነው። ከ100 ግራም ቆጮ የሚገኘው ፕሮቲን 2 ግራም ያህል ወይም ከዚያም በታች ነው። እነዚያ አያት 50 ግራሙን ከቆጮ ብቻ እናገኛለን ቢሉ በቀን ሁለት ኪሎ ተኩል ቆጮ መብላት ሊኖርባቸው ነው፤ ይህም ለወጣት ገበሬ እንኳ አይቻልም።

የጥንቱ የገጠር ሥርዓት ይህን ጉድለት ሳይጽፈው ያውቀው ነበር። የከብቱ ፍግ እንሰቱን ያበላል፤ እንሰቱ ሰውን ያበላል፤ ቆጮው የጐደለውን ደግሞ የላሟ ወተት ይሞላል። ቆጮና ወተት በአንድ ገበታ የሚቀርቡት ለጣዕም ብቻ አልነበረም። እንግዲህ ችግሩ የሚመጣው አረጋውያኑ ከገጠር ወጥተው ሐዋሳ ከልጃቸው ጋር ሲቀመጡ ነው። ቆጮው ከገበያ ተገዝቶ ይመጣል፤ ላሟ ግን አትመጣም። የከተማ ወተት ውድ ነው፤ ያለውም ለሕፃናት ይሰጣል። ቅቤው በመጠኑ ይቀጥላል፤ ቅቤ ግን ስብ እንጂ ፕሮቲን አይደለም። በአሞራ ገደል ዓሣ አለ፤ ዳሩ ግን ዓሣ ሳይበሉ ያረጁ ሰዎች በ70 ዓመታቸው እንዲለምዱት ማድረግ ቀላል አይደለም፤ እኛም ሞክረን ብዙ አልተሳካልንም። ውኃ ቀድተው ይገቡ የነበሩ እናት በጥቂት ዓመት ውስጥ ከመደብ ለመነሣት ደጋፊ ሲፈልጉ ሰው ሁሉ «እርጅና ነው» ይላል። በከፊል እርጅና ነው፤ በከፊል ግን ያቺ የቀረች ላም ናት።

ከ100 ግራም ደረቅ ቦሎቄ ከ20 ግራም የሚበልጥ ፕሮቲን ይገኛል፤ ባቄላና ምስርም ከዚህ አያንሱም። ቦሎቄ በዚሁ አካባቢ ይበቅላል፤ የሐዋሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም በ2000 ዓ.ም. «ሐዋሳ ዱሜ» የተባለውን ዝርያ ለገበሬው አውጥቷል። በጥራጥሬ ፕሮቲን ውስጥ ሜታዮኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሳል፤ በእህል ውስጥ ደግሞ ላይሲን ያንሳል፤ ስለዚህ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ የሚቀቅሉ እናቶች ይህን ሥራ ያለ ኬሚስትሪ መጽሐፍ ሲሠሩት ኖረዋል።

ታዲያ አረጋውያኑ ጥራጥሬን ለምን ይሸሹታል? ስንጠይቃቸው «ሆዴን ይነፋኛል»፣ «ጥርስ የለኝም»፣ «ለልጆቹ ስጧቸው» ይሉናል። የመጨረሻው መልስ ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ ለመከራከር ያስቸግራል። የቀሩት ሁለቱ ግን የማብሰል ጉዳዮች ናቸው። ቦሎቄ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ውኃው ከተደፋ የሚነፋው ነገር ይቀንሳል፤ ከሰልም ይቈጥባል። በጥቂት ማንኪያ ጀምሮ በየሳምንቱ መጨመር አንጀትን ያለማምዳል። ቀይ ቦሎቄ በተለይ በደንብ እየተንተከተከ መብሰል አለበት፤ በለዘብተኛ እሳት ግማሽ ጥሬ ከቀረ በውስጡ ያለው ሌክቲን የተባለ ነገር ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። «ቦሎቄ አልተስማማኝም» ከሚሉት አንዳንዶቹ የተጐዱት ምናልባት በቦሎቄው ሳይሆን በጥሬነቱ ይሆናል።

ለጥርስ ችግር የሰሜኑ ማዕድ ብዙ መልስ አለው፤ ሐዋሳም የሁሉም አገር ሰው የሚኖርባት ከተማ ስለ ሆነች ጐረቤት ከጐረቤት ሊማር ይችላል። ሽሮ፣ የምስር ክክ፣ ከባቄላ ዱቄት የሚዘጋጁት እልበትና ስልጆ ማኘክ አይጠይቁም። ባቄላን አብቅሎ በቆልት ማድረግም ብረት እንዳይዋሐድ የሚያግደውን ፋይቴት ይቀንሳል። ለቆጮ በላተኛ ግን ከሁሉ የሚቀርበው፣ ቦሎቄውን አብስሎ ፈጭቶ ወይም አድቅቆ ከጐመንና ከጥቂት ቅቤ ጋር ቆጮው ላይ ማድረግ ይመስለናል። የለመዱት ምግብ እንዳለ ይቆያል፤ የሚለወጠው ማባያው ብቻ ነው።

ጥራጥሬ የወተትን ቦታ በሙሉ አይወስድም። ቢ12 የተባለው ቫይታሚን በጥራጥሬ ውስጥ የለም፤ ካልሲየሙም ከወተት ያነሰ ነው። ስለዚህ አልፎ አልፎ እንቁላል ወይም እርጎ ቢገኝ ለአረጋውያኑም ድርሻ ይኑራቸው። ኩላሊታቸው የታመመ ሰዎች ፕሮቲን ከመጨመራቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ። ጓያን ደግሞ ከዚህ ምክር ውጭ እናደርገዋለን፤ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን እግር እንደሚያሽመደምድ በደምቢያና በፎገራ ታይቷል። ሽሮ ከገበያ ሲገዛ ከምን እንደ ተፈጨ መጠየቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።