የማደንዘዣ ጋዝ ብክነትና የኮምፒውተሩ ማሳሰቢያ

በዚህ እትማችን ነገ በጤና ሙያ ለመሰማራት ለምታስቡ ተማሪዎችና ለሳይንስ አስተማሪዎቻችን የሚሆን ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። እዚህ ጅቡቲ ከተማ በፔልቲየር ሆስፒታል ደጃፍ ቆሞ ኦፕራሲዮን የገባ ዘመዱን የጠበቀ ሰው ከመካከላችን አይጠፋም። ለመሆኑ በሽተኛው እንዲተኛ የሚሰጠው ጋዝ የት ይሄዳል?

እንደ ሃሎቴን፣ አይሶፍሉሬንና ሴቮፍሉሬን ያሉት ማደንዘዣዎች በጠርሙስ የሚመጡ ፈሳሾች ናቸው። ማሽኑ ያተናቸውና ከኦክስጂን ወይም ከአየር ጋር ቀላቅሎ ወደ ሳንባ ይልካቸዋል። የአዋቂ ሰው አካል በደቂቃ የሚጠቀመው ኦክስጂን ሩብ ሊትር ገደማ ነው። በሽተኛው ያስወጣው ጋዝም ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በሶዳ ላይም ከተጣራ በኋላ ተመልሶ ሊተነፈስ ይችላል። ስለሆነም በደቂቃ 6 ሊትር አዲስ ጋዝ ቢለቀቅ አብዛኛው ትርፍ ሆኖ ይወጣል። ጀሪካኑ ሞልቶ ቧንቧው ሳይዘጋ ሲቀር ማለት እኮ ነው።

በሽተኛው ሲተኛና ሲነቃ ብዙ ጋዝ መልቀቅ ያስፈልጋል። ብክነቱ የሚመጣው በመሃል ነው፤ ባለሙያው በሥራ ተወጥሮ መጠኑን ሳይቀንስ ይቆያል። ጉዳቱም ሦስት ነው። አንደኛ፣ መድኃኒቱ ገንዘብ ነው። ሁለተኛ፣ ጋዝ ማስወጫ በሌለው ክፍል ሠራተኞቹ ይተነፍሱታል። ሦስተኛ፣ አየር ንብረትን ያሞቃል። ዴስፍሉሬን የተባለው ለምሳሌ፣ በ100 ዓመት ሲሰላ ክብደቱ እኩል ከሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ2,500 እጥፍ በላይ ያሞቃል። በዚህ ምክንያት ስኮትላንድ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ከሆስፒታሎቿ አስወጥታዋለች።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በ2013 ያሳተሙት ጥናት ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። የኤሌክትሮኒክ መዝገቡ የጋዙን መጠን ከማሽኑ እያነበበ፣ ከተወሰነው ሲያልፍ ወዲያው በስክሪኑ ላይ መልእክት እንዲያወጣ አደረጉ። ያን ጊዜ ብክነቱ ቀነሰ። ማሳሰቢያው ሲቋረጥ ደግሞ ተመልሶ ጨመረ። ሐኪሞቹ እውቀቱ አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው በሰዓቱ የሚያስታውስ ነው። አስተማሪዎቻችን ይህን በደንብ ያውቁታል፤ ስህተት ደብተሩ ላይ እያለ ሲታረም ነው የሚያዘው።

ኮምፒውተር በሌለበትስ? የሰመመን ባለሙያ የደም ግፊትንና የልብ ምትን በየ5 ደቂቃው በወረቀት ይመዘግባል። እዚያው ወረቀት ላይ የጋዝ መጠን የሚጻፍበት መስመር ቢኖር፣ በጻፈ ቁጥር ያስታውሰዋል ብለን እናምናለን። ነገር ግን መጠን መቀነስ የሚቻለው ሶዳ ላይሙ በደንብ ሲሠራና የኦክስጂን መለኪያ ሲኖር ብቻ ነው። የቁጠባው ዓላማ ትርፉን መቀነስ እንጂ የበሽተኛውን ኦክስጂን መንፈግ አይደለም። የመጨረሻውም ውሳኔ የባለሙያው ነው፤ ኮምፒውተሩ ያስታውሳል እንጂ አያዝም።

ለተማሪዎች ጥያቄ፦ በደቂቃ 1 ሊትር በሚበቃበት ጊዜ 6 ሊትር ለ90 ደቂቃ ቢለቀቅ፣ ስንት ሊትር ጋዝ ባከነ? መልሱን በሚቀጥለው እትም ይዘን እንቀርባለን። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ!