ምዕራፍ ሦስት፦ በባዕድ ምድር ስለሚወለድ ሕፃን ዜግነትና ጥገኝነት

ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ ምድር የሚኖር ሰው ልጅ በወለደ ጊዜ ከደስታው ቀጥለው ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል፤ አንደኛው ሕፃኑ የየትኛው መንግሥት ዜጋ ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ያ መንግሥት ቢያሳድደው ወይም ሊጠብቀው ባይችል ማን ያስጠጋዋል የሚለው ነው። ብዙዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ስለሚያዩ፣ ሕፃኑ በሰው አገር በመወለዱ ብቻ እርሱም እነርሱም የመጠለል መብት ያገኙ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ሕግጋቱ መነሻቸው የተለያየ ስለ ሆነ በየተራ ልንመለከታቸው ይገባል።

ዜግነት በመንግሥታት ዘንድ የሚገኘው ወይ በተወለዱበት ምድር፣ ወይ በወላጆች ደም ነው። አሜሪካ በ1868 እ.ኤ.አ. በሕገ መንግሥቷ በጨመረችው 14ኛ ማሻሻያ የመጀመሪያውን መንገድ ያዘች፤ አየርላንድ ግን ይህንኑ ሥርዓት በ2004 እ.ኤ.አ. በሕዝበ ውሳኔ ተወችው፤ በጣልያንም ከባዕዳን የተወለደ ልጅ ሳያቋርጥ እዚያው ኖሮ 18 ዓመት በሞላው በ1 ዓመት ውስጥ ካላመለከተ ይህ ዕድል ያልፈዋል። ኢትዮጵያ የደምን መንገድ የመረጠችው ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት ሕግ ሲሆን፣ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ፣ የትም ይወለድ የት፣ ኢትዮጵያዊ ነው። ይሁን እንጂ አዋጅ ቁጥር 378/1996 ጥምር ዜግነትን ስለማይፈቅድ፣ በውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ ለአካለ መጠን በደረሰ በ1 ዓመት ውስጥ ያን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ካላስታወቀ፣ በፈቃዱ እንደ ተወው ይቆጠራል።

ጥገኝነት ግን፣ የጥንት ሰው ከሚያሳድደው ሸሽቶ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብቶ እንደሚማፀን፣ ከገዛ አገር የሚመጣን መከራ ፈርቶ በሌላው ደጅ መጠጋት ነው። የ1951 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነት ሥጋቱን የሚመዝነው በዜግነት አገር ስለ ሆነ፣ ኢትዮጵያን አይቷት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ሕፃን እንኳ የሚመረመረው እዚያ ቢላክ ምን ያገኘዋል ተብሎ ነው። በጀርመን፣ ጥገኝነት ለጠየቁ ሰዎች ልጅ ሲወለድ፣ መወለዱ ለስደተኞች መሥሪያ ቤት በተነገረ ጊዜ በስሙ ማመልከቻ እንደ ቀረበ ይቆጠራልና፣ ሕፃኑ የራሱ ጉዳይ ያለው ሰው ነው። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ1996 እ.ኤ.አ. ከቶጎ ለሸሸች ወጣት የግርዛት ሥጋቷን ተቀብሎ ጥገኝነት ሲሰጣት፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ግን ለሴት ልጁ ብቻ የፈራ ወላጅ በዚያ ሥጋት የራሱን ጥገኝነት እንደማያገኝ ወሰነ። አሜሪካዊ ሆኖ የተወለደ ልጅም ለወላጆቹ ማመልከት የሚችለው 21 ዓመት ሲሞላው ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች ተገናኝተው ወላጅን የሚያስጨንቁበት ስፍራ ኤምባሲ ነው፤ መንግሥቴ ያሳድደኛል ብሎ ያመለከተ ሰው ልጁን ለማስመዝገብ ወደዚያው መንግሥት ደጅ ቢሄድ፣ የሚፈራ ሰው ይህን አያደርግም ተብሎ ሊጠረጠር ስለሚችል፣ ሕፃኑ በሕግ ኢትዮጵያዊ ሳለ የሚያስረዳለት ወረቀት ሳይኖረው ይቆያል። የ1989 እ.ኤ.አ. የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 7 ሕፃን ሁሉ እንደ ተወለደ ይመዝገብ ብሏልና፣ ወላጅ የአባትና የእናት ስም በትክክል የሰፈረበትን የልደት ምስክር ወረቀት ከሚኖርበት አገር መዝገብ ቤት ለማውጣት ሊዘገይ አይገባም፤ ወረቀቱ በራሱ ዜግነት ባይሰጥም፣ ሕፃኑ የማን ልጅ እንደ ሆነና የት እንደ ተወለደ ስለሚያስረዳ፣ በዜግነትም ሆነ በጥገኝነት በኩል የሚቀርበው ክርክር ሁሉ የሚጀምረው ከእርሱ ነው።