ከዓባይ በረሃ ቁልቁለት የሚለቀም ኃይል

ከአዲስ አበባ ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ የሚጓዝ አሽከርካሪ ጎሃ ጽዮንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ሲጀምር ሐሳቡ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ነው። መንገዱ እስከ ወንዙ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ይዘቀዘቃል። በነዳጅ መኪና ከቁልቁለቱ የሚገኘው ኃይል የፍሬን ሸራ እያጋለ በከንቱ ይባክናል።

የፎርሙላ ዋን የእሽቅድምድም መኪኖች ይህን ብክነት መልሰው መሰብሰብ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ጎማው ኤሌክትሪክ ሞተሩን ያሽከረክረዋል፤ ሞተሩም እንደ ጄኔሬተር ባትሪውን ይሞላል። የተጠራቀመው ኃይል ቀጥታው መንገድ ላይ ተመልሶ ይወጣል። ሕጉ በአንድ ዙር የፈቀደው 400 ኪሎጁል ብቻ ነበር፤ ቢሆንም ሾፌሩ ሉዊስ ሃሚልተን በዚያው ዓመት ሃንጋሪ ላይ ይህ ስልት በተገጠመለት መኪና አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2026 ደንብ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ጉልበት ከ120 ወደ 350 ኪሎዋት አድጓል።

አሁን ስሌቱ ወደ ጎጃም መንገድ ይምጣ። 2 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ 20 ሜጋጁል ገደማ ይለቃል። ያኔ ለአንድ ዙር ከተፈቀደው 50 እጥፍ ያህል መሆኑ ነው! ከፊሉ በአየርና በጎማ ሰበቃ ይጠፋል። ከቀሪው አብዛኛውን የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ባትሪው ይመልሰዋል፤ ከዓባይ ድልድይ ማዶ የሚጠብቀውን የደጀን ዳገት ባይሸፍንም ያግዛል።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለች ጉዳዩ የእሽቅድምድም ወዳጆች ብቻ አይደለም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ ሙሉ ባትሪ ተጨማሪ ኃይል አይቀበልም። አፋፉ ላይ ሞልቶ የሚወርድ ሰው ሸክሙን ሁሉ በተለመደው ፍሬን ላይ ይጥላል።