የዓለም ፈንድ እና የአንድ አገር ፈንድ

እ.ኤ.አ. በጥር 2011 መጨረሻ፣ የካይሮው ታህሪር አደባባይ በተቃዋሚ ሕዝብ ተጥለቅልቆ ሳለ፣ የግብፅ አክሲዮን ገበያ ተዘጋ። እስከ መጋቢት 23 ድረስም አልተከፈተም። ኒው ዮርክ ላይ ግን የግብፅ አክሲዮኖችን የያዘ አንድ ፈንድ በየቀኑ ይሸጥ ይገዛ ነበር። ውስጡ ያሉት አክሲዮኖች የዕለት ዋጋ ሳይኖራቸው ፈንዱ ዋጋ ነበረው።

ይህ ዓይነቱ ፈንድ ኢቲኤፍ ይባላል። የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን አንድ ላይ ይዞ፣ ራሱ እንደ አንድ አክሲዮን ገበያ ላይ የሚሸጥ ነው። ዋጋው ከያዘው ሀብት እንዳይርቅ የሚያደርጉት ትልልቅ የፋይናንስ ድርጅቶች ናቸው። ፈንዱ ሲወደድ አክሲዮኖቹን ከገበያ ገዝተው ለፈንዱ ያስረክባሉ፤ በምትኩ አዲስ የፈንድ ድርሻ ተቀብለው ይሸጣሉ። ሲረክስ ደግሞ የተገላቢጦሹን ያደርጋሉ። ካይሮ ሲዘጋ ይህ መስመር ተቋረጠና አዲስ ድርሻ መፍጠር ቆመ። ፈላጊው ግን ስለበዛ የፈንዱ ዋጋ ከሀብቱ ግምት በላይ ወጣ። ገበያው በተከፈተበት ቀን የካይሮ ዋና ኢንዴክስ፣ ማለትም የገበያው አጠቃላይ የዋጋ መለኪያ፣ ወደ 9 በመቶ ወረደ። የአንድ አገር ፈንድ የሚገዛ ሰው ከኩባንያዎቹ ጋር የዚያን አገር መንግሥት፣ ገንዘብና የገበያ በር ጭምር እንደሚገዛ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

እነዚህ ፈንዶች በብዛት የመጡት እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ ሞርጋን ስታንሊ በአንድ ጊዜ የ17 አገሮችን አቀረበ። ዓለምን በአንድ የሚጠቀልሉት፣ እንደ ቫንጋርድ ቶታል ወርልድ ስቶክ ያሉት፣ በ2008 ተከተሉ። የቫንጋርዱ ፈንድ በሺዎች የሚቆጠሩ ኩባንያዎችን ይይዛል፤ ዓመታዊ ክፍያውም ከ0.1 በመቶ በታች ነው። በ10,000 ዶላር ላይ በዓመት 10 ዶላር አይሞላም ማለት ነው። ብዙዎቹ የታወቁ የአንድ አገር ፈንዶች ግን ወደ ግማሽ በመቶ ያስከፍላሉ፤ በዚያው ገንዘብ ላይ 50 ዶላር ይሆናል።

ከክፍያው በላይ የሚያሳስበኝ ጊዜ ነው። የጃፓኑ ኒኬይ ኢንዴክስ በ1989 መጨረሻ 38,915 ደርሶ ነበር። ያንን ቁጥር ዳግም ያለፈው በየካቲት 2024 ነው፤ 34 ዓመት ፈጀበት። በ1989 የዓለም ኢንዴክስ የያዘ ሰውም ተጎድቷል፣ የጃፓን ድርሻ ያኔ ከ40 በመቶ በላይ ነበርና። ነገር ግን ጃፓን ስትሳሳ የሌሎቹ ድርሻ በራሱ እየሰፋ ሄደ፤ ባለቤቱ ምንም መሸጥና መግዛት አላስፈለገውም። በመጋቢት 2022 ደግሞ ሩሲያ ብዙ ፈንዶች ከሚከተሏቸው የኤምኤስሲአይ ኢንዴክሶች ዜሮ ሊባል በሚችል ዋጋ ወጣች። በዓለም ኢንዴክስ ውስጥ ድርሻዋ ከ1 በመቶ በታች ስለነበር ጉዳቱ ብዙም አልተሰማም። የሩሲያን ፈንድ ብቻ የያዙት ግን ገንዘባቸው እንደታሰረ ቀረ።

የአገር ስምም ሊያታልል ይችላል። የደቡብ ኮሪያን ፈንድ የገዛ ሰው ትልቁን ድርሻ በሳምሰንግ ኤሌክትሮኒክስ ላይ እንዳዋለ ብዙ ጊዜ ልብ አይልም።

የዓለም ፈንድም ቢሆን አገሮችን በእኩል አያካፍልም። ክብደቱ በኩባንያዎች የገበያ ዋጋ ስለሚለካ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው አሜሪካ ነው። ኢትዮጵያ የለችበትም፤ የአዲስ አበባው የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2025 ገና ሥራ የጀመረ ነው። እንዲህም ሆኖ፣ ለብዙ ዓመት ለሚቀመጥ ገንዘብ መሠረቱ የዓለም ፈንድ ቢሆን እመርጣለሁ። የአንድ አገር ፈንድ የሚገባው አገሩን በደንብ ለሚያውቅ፣ የሚያስገባውም ገንዘብ ቢጠፋ ኑሮው ለማይናጋ ሰው ነው።

አሜሪካ የምትሠሩ ወገኖች አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን ኢንዴክስ ኤስ ኤንድ ፒ 500ን የሚከተል ፈንድም የአንድ አገር ፈንድ ነው። ክፍያው እጅግ አነስተኛ፣ ኩባንያዎቹም ዓለም አቀፍ ሻጮች ናቸው፤ ሆኖም ደመወዛችሁ፣ ቤታችሁና የጡረታ ቁጠባችሁ በአንድ አገር ዕጣ ላይ ተደራርበዋል። በዚህ ሳምንት የጡረታ ሂሳባችሁን ክፈቱና ገንዘባችሁ በየትኞቹ አገሮች እንዳለ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ተመልከቱ።