የዓይን ሕክምና ትምህርት ለዶክተር ብቻ አይደለም

ከሁሉ አስቀድመን አንድ ጥፋታችንን እንናገር። ከምናስተምራቸው ልጆች አንዱ፣ ቤተሰቡ እዚሁ አርሂባ የሚኖር፣ ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር ይቀመጥ ነበር። ሰሌዳ ላይ የጻፍነውን አይገለብጥም። ስንጠይቀው አንገቱን ይደፋል። እኛም "ሰነፍ ነው" ብለን ፈረድንበት፤ አንድ ሁለቴም በጓደኞቹ ፊት ተቆጣነው።

አንድ ቀን ጠመኔ አልቆብን የሒሳቡን ጥያቄ በቃል አነበብንላቸው። ያ ልጅ ከሁሉም ቀድሞ ሠራው። በማግስቱ ያንኑ ዓይነት ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ስንጽፈው ግን 3ቱን 8 አድርጎ ገለበጠው። ያኔ ነው የገባን። ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ ከሩቅ አያይም ነበር። ወላጆቹን አነጋግረን ዓይኑን አስመረመሩት፤ መነጽርም ታዘዘለት። መነጽሩን አድርጎ ክፍል የገባ ቀን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርታ እያየ "ለካ ጽሑፍ አለው!" አለ። ከዚያም እንዲህ ሲል ጠየቀን፦ "መምህር፣ ይሄን መነጽር ለክቶ የሰጠኝ ሰውዬ ምን ተምሮ ነው?"

"ዶክተር ነዋ!" ብለን አለፍነው። መልሳችን የችኮላ ነበር። ነገሩን ጠይቀንና አንብበን ስናጣራው ብዙ የማናውቀው አገኘን። ይህን ጽሑፍ የጻፍነውም ለእሱና እንደ እሱ ለሚጠይቁ ልጆች ትክክለኛውን መልስ ለመስጠት ነው።

በዓይን ክፍል ውስጥ እነማን ይሠራሉ?

አገር ቤት የምናውቀውን ምሳሌ እንውሰድ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል ሐኪሞቹን የሚያሠለጥነው በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። እዚያ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚገባ ሰው በመጀመሪያ የጠቅላላ ሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ ሐኪም መሆን አለበት፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ተጨማሪ ዓመታት በዓይን ብቻ ይሠለጥናል። ይሄ ረጅሙ መንገድ ነው።

አጠር ያሉም መንገዶች አሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪ የሚባለውን ትምህርት በዲግሪ ይሰጣል። ኦፕቶሜትሪስት የዓይንን የማየት አቅም ለክቶ መነጽር ያዛል፤ ከመነጽር ያለፈ በሽታ ሲያይም ወደ ሐኪም ይልካል። ያ ተማሪያችን የጠየቀው ሙያ ይኼ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከስፔሻሊስት ሐኪሞች በተጨማሪ መካከለኛ የዓይን ሕክምና ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። ነርስ የነበሩ ሰዎች በዓይን ሕክምና ሠልጥነው ይወጣሉ፤ ከእነሱም መካከል የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ተምረው ሐኪም በማይገኝበት ወረዳ የሚሠሩ አሉ። የመነጽር መስተዋት ቆርጦና አለስልሶ በፍሬም የሚገጥመውም ባለሙያ ነው።

እነዚህ ሁሉ ለምን እንዳስፈለጉ አንድ ቁጥር ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህ ሰዎች ግማሽ ያህሉን ያሳወራቸው የዓይን ሞራ ነው። 11.5 በመቶዎቹ በትራኮማ ጠባሳ፣ 7.8 በመቶዎቹ ደግሞ መነጽር በማጣት ነው የታወሩት። ልብ በሉ! ሞራ በቀዶ ሕክምና ይነሣል። ትራኮማ ፊትን በመታጠብ፣ በመድኃኒትና በቀዶ ሕክምና ይገታል። መነጽርማ መነጽር ነው። የጎደለው የሠለጠነ እጅ ነበር።

እኛ ከዚህ ሆነን ምን እናድርግ?

የጎንደርና የጅማን ስም ስናነሣ "ተመልሳችሁ ተማሩ" ማለታችን አይደለም። ስደተኛ የሆነ ሰው ወደ ወጣበት አገር መመለስ ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቀዋለን። ሙያዎቹ መኖራቸውን ልጆቻችን ይወቁ ብለን ነው።

ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣችው የስደተኞች ሕግና በዚያው ዓመት የተከተሉት ድንጋጌዎች የትምህርት፣ የጤናና የሥራ መብት ለስደተኛው ሰጥተዋል። የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲም የሕክምና ፋኩልቲ አለው፤ እዚያ ለመግባት ግን ፈረንሳይኛ ግድ ነው። "አማርኛና እንግሊዝኛ ይበቃናል" የምንል ወላጆች ይህን እናስብበት። ሰፈር ውስጥ ከጎረቤት ልጅ ጋር ሲጫወቱ የለቀሙት ፈረንሳይኛ ጥሩ መነሻ ነው፤ ለፈተና የሚሆነው ግን በደብተር የተጻፈው ነው።

ዳፊ የሚባለው የትምህርት ዕድል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ገንዘብና በዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. አማካይነት ለስደተኞች የመጀመሪያ ዲግሪ ሲሰጥ የኖረ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ተማሪ ይፈልጋል፤ በአብዛኛው ዕድሜም ከ28 እንዳያልፍ ይጠይቃል። አሰጣጡ እንደ አገሩና እንደ ዓመቱ ስለሚለያይ ወሬ ከመስማት ኦናርስ ወይም ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ይሻላል። የስደተኛ መታወቂያና የትምህርት ካርድ ዋናውም ኮፒውም በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ወረቀቱ በእርጥበት ተበላሽቶበት ዕድሉ ያመለጠውን ወጣት አይተናል።

ስልክና ኢንተርኔት ያለው ደግሞ የለንደን የንጽህናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ስለ ዓይን ጤና ያዘጋጃቸውን ነጻ ኮርሶች ይመልከት። እንግሊዝኛ ይጠይቃሉ። ለማከም ፈቃድ አይሰጡም፤ ሙያው ምን እንደሚመስል ግን በደንብ ያሳያሉ።

ከዛሬ የሚጀመር ሥራ

ለሁሉም መንገዶች መሠረቱ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ሒሳብና ፊዚክስ ነው። ስርጉድ ሌንስ ብርሃንን ይበትናል የሚለው የፊዚክስ ትምህርት ለፈተና ብቻ የሚሸመደድ ይመስለን ነበር። የዚያ ልጅ መነጽር እኮ እሱው ስርጉድ ሌንስ ነው! ከሩቅ ለማያይ ሰው ብርሃኑ ከዓይኑ የኋላ ግድግዳ ሳይደርስ ፊት ለፊቱ ይገናኛል፤ ስርጉዱ ሌንስ ትንሽ በትኖ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። እንዲህ ብለን ካስተማርን በኋላ ፊዚክስ የሚጠሉት እንኳ መጠየቅ ጀምረዋል።

ለሴት ልጆቻችንም አንድ ቃል። አርሂባ ውስጥ ሞራ የጋረዳቸው እናቶች "እርጅና ነው" ብለው ቤት ተቀምጠዋል። ሴት ባለሙያ ብትኖር ደፍረው ይመረመሩ ነበር። ልጅቷን ከትምህርት አስቀርቶ ውኃ ማስቀዳት የእናቲቱንም ዓይን መጋረድ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ መጽሐፍ አፍንጫው ላይ አስጠግቶ ካነበበ፣ ሩቅ ሲያይ ዓይኑን ካጨፈገገ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት አስመርምሩት። እኛ መምህራንም ከእንግዲህ ከኋላ ወንበር ዝም የሚለውን ልጅ "ሰነፍ" ከማለታችን በፊት ወደ ፊት አምጥተን እናያለን።

ያ ልጅ አሁን ከፊት ወንበር ነው። ጥያቄው አላለቀም፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ "ኦፕቶሜትሪ በፈረንሳይኛ ምን ይባላል?" ብሎን መዝገበ ቃላት አስገለጠን።