ለብርድ ጊዜ የሚሆን የራስ ማሰሪያ በኪሮሽ ስለ መሥራት

በደብረ ብርሃን ከተማ የኅዳርንና የታኅሣሥን ንጋት የቀመሰ ሰው ብርድ ምን እንደ ሆነ ሌላ እንዲነግረው አያስፈልገውም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች፥ ሰማዩ ጠርቶ ባደረበት ሌሊት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ይነጋል። በዚህ ሰዓት ወደ ትምህርት ቤት የሚጓዝ ተማሪ እጁን በኪሱ ይከታል፤ አንገቱን በነጠላ ይጠቀልላል፤ ጆሮውን ግን የሚያስታውሰው መጠዝጠዝ ከጀመረው በኋላ ነው።

እኔም ባለፈው ዓመት ስለ ጆሮ ማሰብ የጀመርሁት በራሴ ሳይሆን በታናሽ እኅቴ ምክንያት ነው። እርስዋ የ2ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ነበረች ጧት ጧት አብረን እንሄድ ነበር። እናታችን የምታስርላት ሻሽ ስስ የጥጥ ጨርቅ ስለ ሆነ፥ በጉም ሲርስ ጭራሽ ይበርዳታል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆማ ሁለቱን ጆሮዎችዋን በመዳፍዋ ይዛ አለቀሰች። ለእናቴ ብነግራት ለስኳር ያስቀመጠችውን ገንዘብ ሰጠችኝ፤ በእርሱም ከገበያ አንድ ጥቅል የሱፍ ክር ገዛሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ ከዚያ ክር ምን እንደ ተማርሁ ለመግለጽና፥ ኪሮሽ ይዞ የማያውቅ ተማሪም ጆሮ የሚሸፍን የራስ ማሰሪያ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስሕተት ላርም። ከሰውነት ሙቀት አብዛኛው የሚወጣው በራስ በኩል ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይህ ትክክል አይደለም። ራስ ከጠቅላላው የሰውነት ገጽ 10 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፥ የሚያጣውም ሙቀት ከዚሁ ስፋቱ ጋር የሚቀራረብ ነው። ጆሮ በብርድ ቶሎ የሚጐዳበት ምክንያት ሌላ ነው። ይኸውም የላይኛው ክፍሉ በቀጭን ቆዳ የተሸፈነ ልም አጥንት ስለ ሆነና፥ ሙቀት የሚይዝለት ሥብ ስለሌለው ነው። ከራስም ወጣ ብሎ ስለ ቆመ ነፋስ በፊትም በኋላም ያገኘዋል።

ሱፍም ቢሆን በራሱ ሙቀት አይፈጥርም። የበግ ጠጉር ጥቅልል ጥቅልል ያለ ስለ ሆነ በመካከሉ ብዙ አየር ይይዛል፤ በአንድ ስፍራ የታገደ አየር ደግሞ ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ ሱፍ የሚያደርገው የገዛ ሙቀታችንን ጠብቆ ማቈየት ነው። ጥጥ ሲርስ ከቆዳ ጋር ይለጠፍና አየሩን ያጣል፤ ሱፍ ግን ጥቂት እርጥበት ቢጠጣም ሙቀት መጠበቁን ፈጽሞ አይተውም። የመንዝ ሰዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ዐውቀው ከበጎቻቸው ጠጉር ባናና በርኖስ ሲያሠሩ ኖረዋል።

ኪሮሽ የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጕሙ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። ሹራብ ብዙ ጊዜ በሁለት መርፌ ሲሠራ፥ ኪሮሽ በአንድ መንጠቆ ይሠራል። በሹራብ ሥራ ብዙ ቀለበቶች በመርፌው ላይ ተደርድረው ተራቸውን ስለሚጠብቁ፥ አንዱ ቢያመልጥ እስከ ታች ድረስ ሊፈርስ ይችላል። በኪሮሽ ግን በመንጠቆው ላይ የሚቀረው አንድ ቀለበት ብቻ ስለ ሆነ ለጀማሪ ይቀላል። በአየርላንድ አገር እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1852 በደረሰው ታላቅ ረኃብ ጊዜ ብዙ ቤተ ሰቦች የኪሮሽ ዳንቴል እየሠሩ በመሸጥ መተዳደሪያ አግኝተውበታል። በአገራችንም የጠረጴዛና የወንበር ልብስ በኪሮሽ የተሠራበት ቤት ብዙ ነው።

ወንድ ልጅ ኪሮሽ ይዞ ቢታይ የሚስቅ አይጠፋም፤ እኔም ተስቆብኛል። ነገር ግን በአገራችን ሴቶች ሲፈትሉ ሸማውን በአመዛኙ የሚሸምነው ወንድ ነው። ክር መያዝ ለሸማኔው ነውር ካልሆነ ለተማሪው ለምን ነውር ይሆናል?

ለሥራው የሚያስፈልጉት ነገሮች ጥቂት ናቸው። እነርሱም፥ መካከለኛ ውፍረት ያለው የሱፍ ክር 50 ግራም፥ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ኪሮሽ፥ መቀስ፥ ሰፊ ቀዳዳ ያለው መርፌና ሜትር ናቸው። የክሩ ቀለም ፈዘዝ ያለ ይሁን፤ በጥቁር ክር ላይ ጀማሪ የሠራውን ለይቶ ማየት ይቸግረዋል። እንግዲህ አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ሸምቀቆ። ከክሩ ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ ሸምቀቆ ሥሩ፤ ኪሮሹንም በውስጡ አስገብታችሁ ክሩን ሳቡት። ሸምቀቆው ኪሮሹን ያቅፈው እንጂ አይነቀው። ኪሮሹን በቀኝ እጅ እንደ እርሳስ ያዙ፤ ክሩ በግራ እጅ ሌባ ጣት ላይ ይለፍ።

2ኛ፤ ሰንሰለት። ክሩን በመንጠቆው ላይ ጠምጥማችሁ በሸምቀቆው ውስጥ ሳቡት፤ ይህ አንድ ሰንሰለት ነው። እንዲህ እያደረጋችሁ 16 ሰንሰለት ሥሩ። በመንጠቆው ላይ ያለው ቀለበት አይቈጠርም። ለትንሽ ልጅ ከሆነ 13 ይበቃል።

3ኛ፤ የመጀመሪያው ረድፍ። ለመንጠቆው ቅርብ የሆነውን ሰንሰለት ዝለሉና መንጠቆውን በሁለተኛው ውስጥ አስገቡ፤ ክሩን ጠምጥማችሁ ሳቡት። አሁን በመንጠቆው ላይ ሁለት ቀለበቶች አሉ። እንደ ገና ክሩን ጠምጥማችሁ በሁለቱም ውስጥ በአንድ ጊዜ ሳቡት፤ አንድ ቀለበት ብቻ ይቀራል። እንዲህ ተሠርቶ ያለቀውን እኔ በዚህ ጽሑፍ «ዐይን» ብዬ እጠራዋለሁ። በየሰንሰለቱ አንድ አንድ ዐይን እየሠራችሁ ጫፉ ላይ ስትደርሱ 15 ዐይን ይኖራችኋል፤ ለልጅ ግን 12። የ15ቱ ወርድ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን ጆሮን በደንብ ይሸፍናል።

4ኛ፤ መመለስ። አንድ ሰንሰለት ሠርታችሁ ሥራውን አዙሩት። የእያንዳንዱን ዐይን አናት ብትመለከቱ ጐን ለጐን የተኙ ሁለት የክር መስመሮች ታያላችሁ። መንጠቆውን ከእናንተ ራቅ ባለው መስመር ሥር ብቻ አስገብታችሁ እንደ መጀመሪያው ሥሩ። በዚህ ዐይነት ሲሠራ ጨርቁ እንደ ታረሰ መሬት ትልም ትልም ያወጣል፤ ሲስቡት ይለጠጣል፤ ሲለቁት ይሰበሰባል። ማሰሪያው ከራስ ላይ የማይወድቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

5ኛ፤ ርዝመት። ሜትሩን ከግንባር ጀምራችሁ በጆሮ ላይ አሳልፋችሁ ዙሪያውን ለኩ፤ ከተገኘውም 5 ሳንቲ ሜትር ቀንሱ። የራሱ ዙሪያ 55 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 50 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ይበቃል ማለት ነው። ስትለኩ ሥራውን አትለጥጡት።

የእጁ ሥራ ይኸው ነው፤ ከባዱ ግን መቍጠር ነው። እኔ ይህን የተማርሁት በኪሳራ ነው። ጎረቤታችን ከሆኑ አንዲት እናት የአንድ ማታ ትምህርት ተቀብዬ ሁለት ማታ ሳልቈጥር ሠራሁ። ሥራው አንድ ስንዝር ከደረሰ በኋላ በብርሃን ብመለከተው፥ በ12 ዐይን የተጀመረው በ7 ዐይን ላይ ደርሶ እንደ ሽብልቅ ሾሏል። የእናቴን የስኳር ገንዘብ ያበላሸሁ መሰለኝና ሥራውን ከመጽሐፎቼ ሥር ደበቅሁት። እኅቴ ግን «የእኔ መቼ ያልቃል?» እያለች ጧት ጧት ትጠይቀኝ ጀመር።

በመጨረሻ አፍሬም ቢሆን ወደ ጎረቤታችን ይዤው ሄድሁ። እርሳቸውም አገላብጠው አዩትና «ልጄ፥ ቈጥረህ ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አልቈጠርሁም፥ እማማ» አልኋቸው። ምንም ሳይናገሩ ኪሮሹን አውጥተው የክሩን ጫፍ ሳብ ቢያደርጉት፥ የሁለት ማታ ሥራዬ በዐይኔ ፊት ተተርትሮ አለቀ። ፊቴን አይተው «አይዞህ፤ ክሩ ይኸው እንዳለ ነው። የጠፋህ ሁለት ማታ ብቻ ነው» አሉኝ። የተጨማደደውንም ክር በወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥመን፥ በውሃ አርሰን፥ አደረቅነው፤ ሲደርቅ እንደ ቀድሞው ቀጥ አለ።

ስሕተቱ የት እንደ ነበረም አሳዩኝ። የረድፉ የመጨረሻ ዐይን ወደ ጠርዙ ስለሚሸሸግ ጀማሪ ረድፉ ያለቀ ይመስለውና ትቶት ይመለሳል። በየረድፉ አንድ ዐይን ቢቀር ጨርቁ እየጠበበ ይሄዳል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ በረድፉ የመጀመሪያና የመጨረሻ ዐይን ላይ ሌላ ቀለም ያለው ቍራጭ ክር ማሰርና ሥራው በገፋ ቍጥር ወደ ላይ ማዛወር ነው። ሁለተኛው፥ ረድፉ ባለቀ ቍጥር መቍጠር ነው። ቍጥሩ 14 ሆኖ ቢገኝ ያንኑ አንድ ረድፍ መተርተር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከ20 ረድፍ በኋላ የተገኘ ስሕተት ግን 20 ረድፍ ያስተረትራል።

ርዝመቱ ሲሞላ ክሩን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ትታችሁ ቍረጡና ጫፉን በመጨረሻው ቀለበት ውስጥ አሳልፋችሁ አጥብቁት። ሁለቱን ጫፎች አገናኝታችሁ በመርፌ ስፉ፤ የተረፈውንም ክር በዐይኖቹ መካከል ወዲያና ወዲህ እየመለሳችሁ ደብቁት። የአገራችን በግ ጠጉር ሸካራ ስለ ሆነ ግንባር የሚያሳክከው ሰው በውስጥ በኩል ለስላሳ የነጠላ ቍራጭ ቢሰፋበት ይረዳዋል። በገበያ ከሚገኘው ክር ብዙው ከሱፍ ሳይሆን በፋብሪካ ከሚሠራ ሰው ሠራሽ ጭረት የተፈተለ ነው፤ እርሱም ይሞቃል፤ ነገር ግን በእሳት ስለሚቀልጥ ከምድጃ መራቅ አለበት። ሱፍ ሲታጠብ ለብ ባለ ውሃ ይሁን፤ በፈላ ውሃ ይኮማተራል። ሳይጠመዘዝ በፎጣ ላይ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ሁለተኛውን ሥራ እየቈጠርሁ በአምስት ማታ ጨረስሁት። በአንድ ስፍራ 13 ዐይን አለው፤ እኅቴ እስከ ዛሬ አላወቀችውም። በታኅሣሥ ጧት እርሱን አጥልቃ ስትሄድ፥ እጆችዋ ጆሮዋን ከመያዝ ነፃ ስለ ወጡ ደብተርዋን እርስዋው ትይዘው ጀመር፤ እስከዚያ ድረስ የምይዝላት እኔ ነበርሁ።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ለመሥራት የምታስቡ ሁሉ ብርዱ ሳይገባ በጥቅምት ጀምሩ። ወላጆችም ልጃችሁ ጠማማ ነገር ይዞ ቢመጣ አትሳቁበት፤ ቈጥሮ እንደ ሆነ ጠይቁት። በቤታችሁም ጧት ጧት ጆሮውን በመዳፉ የሚይዝ ልጅ እንዳለ ተመልከቱ።